ኩባንያውን የመረቁ ጊዜ

«ታግ አደረግሽው? ኩባንያውን? ራሱን?»

«እና ላመሰግን አይደል! ምን ሰረቅሁ?» አለች ሶልያና። ከይጁቤ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታ፣ ማርቆስ መናኸሪያው ጎን ካለችው ሻይ ቤት ወንድሟ ፊት ተቀምጣለች። ብስኩቷን ገና አንዴ ነው የገመጠቻት።

ዓለምነው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ለቀቀው። ብርጭቆዎቹ ዘለሉ። አስተናጋጇ ዞር ብላ አየችው።

«ስንት ሰው አየው?»

«ኧረ በጣም ብዙ! ደጀን ያለው አጎታችን እንኳ ለሹፌሮቹ ሁሉ አሳይቷል። እንዲያውም ኩባንያው ራሱ ልብ ሰጠን እኮ! ቀይ ልብ!»

«አዎ፣ መጀመሪያ ልብ ሰጠን። ቀጥሎ ደግሞ ይኸን ሰጠን» ብሎ ስልኩን አነሳና ኢሜይሉን አፍንጫዋ ሥር አስጠጋላት።

ሶልያና እንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆነች ለማንበብ አልተቸገረችም። የተቸገረችው ለማመን ነው። ኢሜይሉ ሲጀምር ማር ነው፤ በቪዲዮው በጣም ተደስተናል፣ ሕዝባችሁ ደስ ይላል፣ ምናምን ይላል። ከዚያ ግን፣ ለዩኒቨርሲቲያችሁ የሰጠነው ፈቃድ ለማስተማርና ለመመረቂያ ጥናት ብቻ ነው፤ ከቪዲዮው እንደተረዳነው ፕሮግራማችን ለድልድይ ሥራ ውሏል፤ እባክዎ ያብራሩ።

«እና አብራራላቸዋ!»

«አብራርቼ ነው እዚህ የደረስሁት!» አለ ዓለምነው፤ ድምፁ ወጣ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ዞረ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ወይራ ውሃ የሚባል ወንዝ አለ፣ ከይጁቤ ወጣ ብሎ። በጋ ላይ ወንዝ ብላችሁ ብትጠሩት ራሱም ያፍራል፤ ጫማችሁን ሳታወልቁ ዘላችሁት ታልፋላችሁ። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ነው። ላይ ደጋው ላይ ይዘንባል፤ እናንተ ጋ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ወንዙ ግን ግንድ ተሸክሞ እያጓራ ይመጣል። ሶልያና የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። መሻገሪያው ከባሕር ዛፍ የተጋደመ ግንድ ነበር። ባለፈው ሰኔ፣ በፈተና ሰሞን፣ ያለምወርቅ የምትባል ተማሪዋ ግንዱ ላይ እንዳለች ውሃው መጣ። ግንዱም ሄደ፣ ልጅቷም ሄደች። የተገኘችው ታች ቆላው አፋፍ ነው።

ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ተነሣ። ድንጋይ በደቦ ተፈለጠ፣ አሸዋ በአህያ ተጋዘ፣ ብረቱን ከተማ ያሉ የአገሩ ልጆች ላኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የኔታ ኪዳነ ማርያም ናቸው፣ የቅኔ መምህሩ። ዓለምነውን ከፊደል እስከ ዳዊት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወረዳው ደግሞ ኢንጂነር ፈቃዱን መደበ። ፈቃዱ መጥቶ ወንዙን ወደ ላይም ወደ ታችም አየና «እኔ ድልድዩን እሠራለሁ፤ ውሃው እስከ የት እንደሚወጣ ግን ወንዙም አልነገረኝ። ከፍታውን በስሌት አምጡልኝ» አለ።

ስሌት ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ዓለምነው ዞረ። ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራላ! ልጃችን ካልሠራው ማን ይሠራዋል?

ሠራውም። የብዙ ዓመት የዝናብ መረጃ ለምኖ ሰበሰበ፣ ቢሮው ባለው ኮምፒውተር ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ገዝቶ በጫነው የሒሳብ ፕሮግራም አስገባው። የፕሮግራሙን ስም አልነግራችሁም፤ ለኔም ኢሜይል እንዳይልኩብኝ። ብርቱ ነገር ነው ግን። አልፎ አልፎ የሚመጣን ክፉ ጎርፍ የሚያሰላ ለብቻው የተዘጋጀ ክፍል አለው። መረጃውን ትሰጠዋለህ፣ ያስባል፣ መልሱን ይሰጥሃል። አራት ሜትር ከሃያ አለ። ዓለምነው ቁጥሩን ለፈቃዱ ደውሎ ነገረው፤ ወረቀቱን በኋላ አሰናዳልሃለሁ አለው፤ ፈቃዱም እሺ አለ። አለቀ።

አላለቀም እንጂ። የመሠረት ድንጋይ የተጣለ ዕለት፣ ያገሩ ወግ ነውና፣ የረዳ ሰው ሁሉ ስሙ እየተጠራ ይመረቃል። አህያ ያዋሰ ይመረቃል፣ ጠላ የጠመቀች ትመረቃለች፣ መዶሻ ያመጣ ይመረቃል። የኔታ ወደ ዓለምነው ጠጋ አሉና «ያንን ስሌት በምን ሠራኸው?» አሉት።

«በኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፣ የኔታ።»

«ፕሮግራሙ ያንተ ነው?»

«አይ፣ የፈረንጅ ኩባንያ ነው።»

«ስሙን ንገረኛ! በሰው ዕቃ ተጠቅሞ ባለቤቱን ሳይመርቁ መበተን ነውር አይደል እንዴ?»

ነገራቸው። ምን ያድርግ፣ ደስ ብሎታል፣ ሰዉ ደስ ብሎታል። የኔታ መቋሚያቸውን ተክለው የኩባንያውን ስም በራሳቸው አጠራር ጠሩና ምርቃቱን ለቀቁት፦ «ጎተራቸው አይጉደል! ከብታቸው ይርባ! ላማቸው ትታለብ፣ በሬያቸው አይድከም! ያሰሉትን ውሃ እግዚአብሔር በልኩ ያድርግላቸው!» ሕዝቡ «አሜን!» አለ። ሶልያና ቀረፀችው። ከሥሩም በእንግሊዝኛ «ለመንደራችን ድልድይ ስለረዳችሁን እናመሰግናለን» ብላ ጽፋ፣ የወንድሟንና የዩኒቨርሲቲውን ስም ጨምራ፣ ኩባንያውን ታግ አድርጋ ለቀቀችው።

በሬ የሌለው ኩባንያ፣ እንግዲህ፣ ምርቃቱን በደስታ ተቀበለ፤ ቀጥሎ ጉዳዩን ለፈቃድ ክትትል ክፍል መራው።

«እኔኮ መጀመሪያ ሳቄ ነበር የመጣው» አለ ዓለምነው ለእህቱ፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። «ቁጭ ብዬ ጻፍሁላቸው። አንድ ሳንቲም አልተቀበልሁም፣ ማንም አላተረፈበትም፣ የደቦ ሥራ ነው አልኋቸው። ደቦን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።»

«ምን ብለህ ተረጎምከው?»

«ጎረቤቶች ያለ ክፍያ ተሰብስበው የሚሠሩት ሥራ አልሁ። አመሰገኑኝ። ባህላችሁ በጣም ያስደንቃል አሉ። ከዚያ ገንዘብ መከፈል አለመከፈሉ ለውጥ አያመጣም አሉኝ።»

«እንዴት አያመጣም? ለንግድ አይደለማ!»

«ውሉን አነበብሁት። እስማማለሁ ብለን ሳናነበው የምንጫነው ነገር አለ አይደል? እሱን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ለንግድ አይሁን ብቻ አይደለም የሚለው። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ላለ ለማንኛውም ድርጅት ጥቅም አይዋል ነው የሚለው። ውጤቱም ጭምር! ገባሽ? ፕሮግራሙ ብቻ አይደለም፣ ከሱ የወጣው ቁጥር ጭምር። ወረዳው ድርጅት ነው። ኮሚቴው ድርጅት ነው። ተማሪዬ ስለ ወይራ ውሃ መመረቂያ ቢጽፍ ይችላል፤ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ቢያስቀምጠው ይፈቀዳል። ድልድይ ሲሆን ግን ክልክል ነው!»

ሶልያና ብስኩቷን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ ቀስ ብላ «ታዲያ ምን አድርግ ነው የሚሉህ?» አለችው።

«ወይ የንግዱን ፈቃድ ግዛ፤ ዋጋውን ሳየው ሁለተኛ ድልድይ የሚያሠራ ነው። ወይ ደግሞ ውጤቱን ለድልድዩ አንጠቀምበትም ብለህ ፈርምልን ይላሉ። እስከዚያ የዩኒቨርሲቲውን መጠቀሚያ በሙሉ እናግዳለን ብለዋል።»

«እሰርዘዋለሁ! አሁኑኑ ቪዲዮውን አጠፋዋለሁ!» አለችና ስልኳን አወጣች።

«አጥፊው። ደጀን ያሉትን ሹፌሮችም አብረሽ አጥፊያቸው» አላት።

እሷ በማግስቱ ወደ ይጁቤ ተመለሰች። እሱ ደግሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ዶክተር ሥራነሽ ዘንድ ተጠራ። ሥራነሽ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እንዲያውም ቪዲዮውን አይታ እንባዋ መጥቶ ነበር። ግን በሯ ላይ ተመራቂ ተማሪዎች ተኮልኩለዋል፤ ጽሑፋቸው ሁሉ በዚያው ፕሮግራም ነው የሚሠራው፣ ማቅረቢያቸውም ሰኔ ላይ ነው።

«ዓለምነው፣ ፈርምና ገላግለን» አለችው ገና ሳይቀመጥ። «አንተ ስለ አንድ ድልድይ ነው፤ እኔ እነዚህን ሁሉ ልጆች ይዣለሁ። ከታገደ አንዱም አይመረቅም።»

«ልፈርም እችላለሁ ዶክተር። ፈርሜ ግን ቁጥሩን ምን ላድርገው?»

«ተወዋ። እርሳው።»

«ቁጥር እንዴት ነው የሚረሳው? ጭንቅላቴን ልፋቀው? አራት ከሃያ መሆኑን አንዴ አውቄዋለሁ!»

ሥራነሽ መነጽሯን አወለቀች። «ስማኝ፣ በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ አይደል? ማንም በፈለገው ሥራ ላይ ያውላቸው የተባሉ። በሱ እንደ አዲስ ሥራው። ያኔ ቁጥሩ ያንተ ነው፣ ማንም አይናገርህም።»

ይኸ ሐሳብ ለዓለምነው ደግ ሐሳብ መሰለው። ምነው ቀድሞ ባሰብሁት ብሎ ራሱን ሰደበ። ወጥቶ ነጻውን ፕሮግራም የራሱ ላፕቶፕ ላይ ጫነ። ውሉን፣ አሁንማ ተምሯል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበ። እውነትም ክልከላ የለውም፤ ለማስተማርም፣ ለድልድይም፣ ብትፈልግ ለጠላ ቤትም ይልሃል። ችግሩ ያ የጎርፉ ክፍል እሱ ላይ የለም። ራስህ ጻፈው ነው። ዓለምነው ጻፈው። መብራት እየሄደ፣ እየመጣ፣ ላፕቶፑ እየጠፋ፣ እየተሳደበ ጻፈው። መረጃው ያው፣ ዝናቡ ያው፣ ወንዙ ያው።

ሦስት ሜትር ከስልሳ አለው።

መጀመሪያ የተሳሳተ ቁልፍ የነካ መሰለው። እንደገና አስኬደው። ሦስት ከስልሳ። የራሱን ቀመር መስመር በመስመር አየው፤ ስሕተት አላገኘም። እንግዲህ ያኛውን ልይ፣ በምን ዘዴ አራት ከሃያ እንዳለ ልወቅ ቢል፣ ያኛው ውስጡን አያሳይም። ዝግ ነው። ኩባንያው ዘዴውን ሚስጥር አድርጎ ነው የሚሸጠው፤ ይባስ ብሎ ውሉ ላይ ከፍቶ መመርመርም ክልክል ነው ይላል። እስቲ ንገሩኝ፣ ይኸ አያበሽቅም? የሚያሳይህን አታምነውም፣ የምታምነው ደግሞ አያሳይህም!

የምታምነው አልሁ? አዎ፣ ዓለምነው የሚያምነው ያንን ነው። በዚያ ፕሮግራም ዓለም ሁሉ ይሠራበታል፤ የሱን ግን እሱ ብቻ ነው የጻፈው፣ ያውም በችኮላ። የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያይለት ጥሩ ነበር። አዲስ አበባ ላሉ ሁለት መምህራን ላከው። አንዱ ለክረምት አየዋለሁ አለ። ሌላው አልመለሰም። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው፤ ግንቦት አልቋል፣ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ማጉረምረም ጀምሯል።

ለኩባንያውም እንደገና ጻፈ። በዚህ ጊዜ ለመነ። ልጅ ሞቷል ብሎ ጻፈ። ለዚህች አንዲት ሥራ ብቻ ፍቀዱልኝ አለ። መልስ መጣ፦ በደረሰው ሐዘን ልባችን ተነክቷል፤ ጥያቄዎን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል። የሚመለከተው ክፍል ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

ለኢንጂነር ፈቃዱ ደወለለት። «ፈቄ፣ በቃ በግምት ከፍ አድርገህ ሥራው። አራት ከሃያ አድርገው፣ ወረቀቱን ተወው።»

«ኧረ ተው ወንድሜ!» አለ ፈቃዱ። «ግምት በኦዲተር ፊት አይቆምም። ወረቀትህ ላይ ያለውን ነው የምሠራው። ሦስት ከስልሳ ካለ ሦስት ከስልሳ፣ አራት ከሃያ ካለ አራት ከሃያ። ፊርማህን ከሥሩ አሳርፍ። በምን ፕሮግራም እንደተሠራም ጻፍበት፣ ወረዳው ይጠይቃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀለም ይዤ መጥቼ ከፍታውን ምሰሶው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ሰኞ ግንበኞቹ ይገባሉ። ካለዚያ ለመስከረም ነው።»

ለመስከረም ማለት፣ ይኸንን ሰኔ ልጆቹ እንደገና በግንድ ይሻገሩ ማለት ነው። አዲስ ግንድ ተጋድሟል እኮ፤ ሰው ምን ያድርግ፣ ትምህርት አለ።

ቅዳሜ ዓለምነው ይጁቤ ወረደ። የኔታ ኪዳነ ማርያም ደጅ፣ ዋርካው ሥር፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ አገኘው። ሶልያናም አለች፤ አንገቷን ደፍታለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራቸው። የኔታ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ዓለምነው ከጠበቀው በላይ ቶሎ ተረዱት።

«ገባኝ» አሉ። «የቤተ ክርስቲያን ጥላ አለን። ጌጠኛ ነው፣ ትልቅ ነው። ዝናብ ቢመጣ ግን ይዤው ገበያ አልወጣም። ለታቦት የተሰጠ ለታቦት ነው። ለማስተማር የተሰጠህን ለሌላ አዋልኸው፤ እንዲያ ነው?»

«እንዲያ ነው፣ የኔታ።»

«ስለዚህ ባለቤቱ ቢከለክል እውነት አለው።»

«እርስዎም እውነት አለው ይላሉ?» አለ ዓለምነው፤ ከሳቸው ይኸን አልጠበቀም።

«በዕቃው ነዋ! በዕቃው አለው። የማይገባኝ ይኸ የቁጥሩ ነገር ነው። እኔ ያስተማርሁት ተማሪ ሄዶ ቅኔ ቢዘርፍ፣ ቅኔው የኔ ነው ልል ነው? የትም እንዳትቀኝ ብዬ ላስፈርመው ነው?» መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «ደግሞ እኔ ነኝ ያጋለጥሁህ። መረቅሁና አጋለጥሁህ! ምርቃት ክስ የሚያመጣበት ዘመን ላይ ደረስን?»

«ታዲያ ምርቃቱን ይመልሱልና!» አለች ከወዲያ ጥግ ወይዘሮ ዘቢደር። «ላማቸው አትታለብ በሏቸው፣ የኔታ!»

ሰዉ ሳቀ። ዓለምነው ግን ዘቢደርን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ዘቢደር የያለምወርቅ እናት ናት። ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። ሳቁ ሲያባራ ተነሥታ መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ዓለምነው ልጄ፣ እኔ የኮምፒውተሩን አላውቅም፣ የፈረንጆቹንም ውል አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ውሃው የቱ ጋ ይደርሳል? ላይኛው ጋ ነው ወይስ ታችኛው ጋ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም፣ እትዬ ዘቢደር።»

«ልብህ ምን ይልሃል?»

«ላይኛው ይለኛል።»

«ታዲያ ላይኛውን ጻፋ!»

«ላይኛውን ከጻፍሁ በምን አሰላኸው ይሉኛል። እውነቱን ከተናገርሁ የዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም ይታገዳል፣ ልጆቹ አይመረቁም፣ እኔም ሥራዬን አጣለሁ። በነጻው ፕሮግራም ነው ብዬ ከጻፍሁ ደግሞ ውሸት ነው። ፊርማዬን ውሸት ላይ ላሳርፍ ነው።»

«ታችኛውን ብትጽፍስ?»

«ታችኛው ውሸት የለበትም። በሐቅ የሠራሁት፣ የራሴ ነው። ብቻ…»

«ብቻ አታምነውም።»

«አላምነውም።»

ዘቢደር አየችው፣ አየችው፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች። ሶልያና ብቻ «ለመስከረም ይቆይ በላቸዋ» ልትል አፏን ከፈተችና፣ የዘቢደርን ፊት አይታ መልሳ ዘጋችው።

እሑድ ቅዳሴ ወጣ። ፈቃዱ በሞተር ሳይክል መጣ፣ ቀይ ቀለሙን በጣሳ፣ ሜትሩን በኪሱ ይዞ። ወንዙ ዳር ሰዉ ተሰብስቧል፤ ማዶ ደግሞ ደመናው ጠቁሯል። ዶክተር ሥራነሽ ለዓለምነው በጠዋት ነው የደወለችለት፦ «ዛሬ ካልፈረምህ ነገ ይዘጉታል፤ አደራህን።» የኩባንያው ወረቀት ስልኩ ላይ ተከፍቷል፤ አንድ ጣት ነው የቀረው። ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ሁለት ስሌት አለ፣ አንዱ አራት ከሃያ፣ አንዱ ሦስት ከስልሳ።

ፈቃዱ መሰላሉ ላይ ወጣ፣ ቡሩሹን ቀለም ነከረና ከላይ ሆኖ ተጣራ። «ዓለምነው! ምን ትጠብቃለህ? ስንት ልበል?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ዓለምነው ዞረ። ዘቢደርም።

በሉ ንገሩኝ፣ እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ ስንት ትላላችሁ?